ጅቡን ጭራቅ አታድርጉት፦ በሐረርና በድሬ ስለ ስውር ፍጡራን ኮሚክ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው መስለው በሰው መሃል ስለሚኖሩ ፍጡራን ኮሚክ የሚያስብ ሠዓሊ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፍጡሩ ነው። ቀንዱ፣ ዓይኑ፣ ጥፍሩ ተስሎ ካለቀ በኋላ ከተማዋ እንደ መጋረጃ ከኋላ ትሰቀላለች። ታሪኩ ስለ መደበቅ ከሆነ ግን ቀድሞ መታወቅ ያለበት የሚደበቀው የትና ከማን እንደሆነ ነው።

ትልቁ ስህተት ጅቡን ጭራቅ ማድረግ ነው። ሐረርን የመረጠ ሁሉ ጥርሱን ያገጠጠ ጅብ ይስልና ፊት ለፊቱ የምትጮህ ልጅ ያቆማል። በግንብ የታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ የጁገል ልጅ ይህን ገጽ ሲያይ ይስቃል። ግንቡ ላይ ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ። ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ በስማቸው እየጠራ ሥጋ የሚያጎርሳቸው ሰው አለ። በአሹራ ጊዜ ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ አበላላቸውም የመጪው ዓመት ምልክት ተደርጎ ይታያል። እኔን ከሁሉ የሚጥመኝ ግን ጅብ ጂኒ ይበላል የሚለው እምነት ነው። ሰው መስሎ ሱቅ የከፈተ ጂኒ ጎረቤቱን ሁሉ ማታለል ይችላል፤ ከመሸ በኋላ በሩን ከሚያነፈንፈው ዋራባ (በሐረሪ ጅብ) ግን የት ይገባል? እንዲህ ያለ ግጭት ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ ሳለ ቫምፓየር ከባሕር ማዶ ማስመጣት ምን ይሉታል? ደግሞ የጅብ መንጋ የሚመራው በሴቷ ነው፣ በአካልም ከወንዱ ትበልጣለች። «የጅቦች ንጉሥ» ለመሳል የተነሳችሁ አያ ጅቦን ለተረቱ ተዉለት።

ሌላው ቡዳ ነው። ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው ለኮሚክ ያጓጓል፤ ነገር ግን ይህ ስም ለዘመናት የተለጠፈው በአንጥረኛ፣ በሸክላ ሠሪና በቤተ እስራኤል ላይ ነው፤ ሰዎቹም ተገልለው ኖረውበታል። ፍጡራችሁን አንጥረኛ ካደረጋችሁት ያንኑ ሐሜት በቀለም ደገማችሁት ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ አንጥረኛውን ሲጠብቅ እውነተኛው ፍጡር ቢላ ሊያስስል የመጣው የተከበረ ደንበኛ ቢሆን፣ ታሪኩም ይበልጥ ይከብዳል።

ሐረርንና ድሬን አንድ አድርጎ መሳልም የተለመደ ነው። የጁገል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው፤ ውስጡ ጠባብ መንገድ፣ የሚተዋወቅ ጎረቤት። አዲስ ፊት ሲታይ «የማን ልጅ ነህ?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ እዚያ የሚደበቅ ፍጡር ምስጢሩን የሚጠብቅለት ቤተሰብ ያስፈልገዋል። ድሬዳዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የቆረቆራት ከተማ ናት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ሁሉም ከሌላ ቦታ መጥቶ የኖረባት ናት፤ እንግዳ መሆን ራሱ መደበቂያ ነው። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ባሉት መንገዶቹና በዛፎቹ ጥላ፣ የመጋላ ሰፈር በገበያው ግርግር ይለያያሉ፤ ሙቀቱም የሐረር አይደለም። ሐረር ላይ ፎጣ ለብሶ ላብ የሚጠርግ ገጸ ባሕርይ ካያችሁ ሠዓሊው ቦታውን አላየም።

በድሬዳዋ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ በተመለከተ ጠንቀቅ በሉ። በ1998 ክረምት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ቤተሰቦቻቸው ዛሬም እዚያው አሉ። ያን ሌሊት «የዘንዶው ቁጣ» ብሎ መሳል ለእኔ አይዋጥልኝም። የሐረር አዋቾች (እንደ ቅዱስ የሚከበሩ አባቶች) መቃብርም የአጋንንት ዋሻ አይደለም፤ ሰው የሚጸልይበት ቦታ ነው።

ንግግር ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ በአማርኛ ስትጽፉ የሚያጋጥም ነው። ጥላ ውስጥ የቆመውን ፍጡር ማንነት እስከ አሥረኛው ክፍል ልትደብቁ አስባችሁ፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ አንዱ «ማን ላከህ?» ካለው ግማሹ ምስጢር አለቀ። ግሱ ጾታውን ተናገረባችሁ። ወይ ተናጋሪው ተሳስቶ ይገምት፣ ወይ በአክብሮት ያናግር። ይኸው ችግር መሣሪያም ይሆናል። 300 ዓመት የኖረውን የ15 ዓመት ልጅ መሳይ ሰፈሩ ሁሉ «አንተ» ይለዋል። አንድ ቀን ቡና የሚያፈሉት እናት ስኒውን አቀብለውት «ይጠጡ እንጂ» ቢሉት፣ ማወቃቸውን ለመንገር ሌላ ፓነል (የሥዕል ሳጥን) አያስፈልግም። ሁሉንም ገጸ ባሕርይ በዜና አማርኛ ማናገርም አይሆንም፤ መቶ ዓመት ድሬ ኖሮ አንዴም «አቦ» ያላለ ሰው በራሱ ያስጠረጥራል። በየንግግር አረፋው «አቦ» መደርደር ግን ከዚያ ይብሳል።

የፍጡራኑን ሕግና የዘር ሐረግ በመጀመሪያው ክፍል አትዘርግፉት። ማንም አያነበውም።

በመጨረሻም ፊደሉ። ከእንግሊዝኛ ኮሚክ የተቀዳ ጠባብ የንግግር አረፋ «እንዳላስታወስኩህ» የሚል አንድ ቃል እንኳ አይችልም፤ ቃላችን ረጅም ነው፣ መሃሉ ላይ ሲቆረጥም ዓይን ያደናቅፋል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ጩኸትን በውፍረትና በመጠን አሳዩ፣ ፊደሉን ማጋደሉ አያምርም። ጽሑፉን ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን በእርሳስ ንድፉ ላይ አስገቡና በስልክ ከፍታችሁ እዩት፤ አለዚያ አረፋው የሚያርፈው ስንት ሰዓት የደከማችሁበት ፊት ላይ ነው።