«የስተርደይ» የት ይግባ? በእንግሊዝኛ የጊዜ ቃላትን ማስቀመጥ

ባሕር ዳር ውስጥ አስጎብኚ ወይም ጀልባ ነጂ ለሆነ ሰው እንግሊዝኛ እንጀራው ነው። እንግዳው ቀድሞ የሚጠይቀውም መቼ ተነስተን መቼ እንመለሳለን ብሎ ነው። ስለዚህ የጊዜ ቃላትን ቦታ በደንብ መያዝ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ያለ ጊዜ ቃል ጨርሱት፦ «ዊ ቪዚትድ ዘጌ»። ከዚያ ጊዜውን ጫፉ ላይ ጨምሩ፦ «ዊ ቪዚትድ ዘጌ የስተርደይ»። ጊዜውን ማጉላት ከፈለጋችሁ ፊት ላይ አምጡት፦ «የስተርደይ ዊ ቪዚትድ ዘጌ»። ሁለቱም ልክ ናቸው። የማይሆነው በግሱና በተሳቢው መሀል መሰንቀር ነው። «ዊ ቪዚትድ የስተርደይ ዘጌ» አይባልም። እኛ «ዘጌን ትናንት ጎበኘን» ብለን ጊዜውን ከግሱ ጎን ማድረግ ስለለመድን ይህ ስህተት ቶሎ ያታልለናል።

ቦታም ጊዜም ካለ ቦታው ይቀድማል፦ «ዊ አር ጎይንግ ቱ ጢስ ዓባይ ቱሞሮው»።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ጊዜው ሲደራረብ ነው። አማርኛ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይወርዳል፤ «እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት» እንላለን። እንግሊዝኛው ግን በአብዛኛው ከትንሹ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ጠዋቱ፣ መጨረሻ ላይ ቀኑ፦ «ዊ ሊቭ አት ኤይት ኢን ዘ ሞርኒንግ ኦን ሰንዴይ»። አማርኛውን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት፤ ቅደም ተከተሉን ታገኙታላችሁ። እግረ መንገዳችሁን ሰዓቱንም ቀይሩ፤ የኛ ጠዋት 2 ሰዓት የእነሱ «ኤይት» ነው። «አት ቱ» ብቻ ካላችሁት እንግዳው የቀኑን 8 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጣና ላይ ነፋሱ ይበረታል፤ ጉዞው ይከብዳል።

ቀጥሎ ስንት ጊዜ እንደሚደረግ የሚናገሩት አሉ፦ «ኦልዌይስ»፣ «ዩዥዋሊ»፣ «ኦፍን»፣ «ኔቨር»። የእነዚህ ቦታ መሀል ነው። ከዋናው ግስ በፊት ይገባሉ፦ «ዘ ቦት ኦልዌይስ ሊቭስ ኧርሊ»። ግሱ «ኢዝ» ወይም «አር» ከሆነ ግን ከኋላው ይሆናሉ፦ «ዘ ሌክ ኢዝ ዩዥዋሊ ካልም ኢን ዘ ሞርኒንግ»። ረዳት ግስ ካለ በሁለቱ ግሶች መሀል ነው፦ «ዊ ካን ኦልዌይስ ስቶፕ አት ደብረ ማርያም»። «ዩዥዋሊ» ፊት ላይም ይመጣል፤ «ኦልዌይስ»ን ግን ፊት አታስቀምጡት።

«ኔቨር» ላይ ቆም በሉ። አማርኛ «በጭራሽ ማታ አልቀዝፍም» ብሎ አፍራሹን ግሱ ላይ ይጨምራል። እንግሊዝኛው «ዶንት» አይፈልግም፤ ባለታንኳው «አይ ኔቨር ሮው አት ናይት» ካለ በቂ ነው። «ዶንት» ከገባበት ትርጉሙ ይምታታል።

«ኤቭሪ ዴይ» ድግግሞሽን ቢናገርም መሀል አይገባም፤ ጫፍ ላይ ነው፦ «አይ ክሮስ ዘ ሌክ ኤቭሪ ዴይ»። «ኤቭሪ ዊክ»ም እንደዚያው።