ስለ ቦርከና ወንዝ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ብዙዎቻችን ቦርከናን የምናውቀው ኮምቦልቻ ላይ ድልድይ ስንሻገር በመሆኑ፣ የኮምቦልቻ ወንዝ ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ሆኗል። ወንዙ የሚነሣው ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከኩታበር ከፍታዎች ነው። በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ደሴን አቋርጦ፣ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ደሴ ላይ ዶፍ ሲጥል ሰማዩ በጠራበት ኮምቦልቻ ድፍርስ ደራሽ ቢመጣ ሊያስገርም አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው የአቅጣጫ ስህተት ነው። አፋር በምሥራቅ ስለሚገኝ፣ ወንዙም ከኮምቦልቻ የባቲን መንገድ ይዞ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ሲሰነጠቅ በደጋው ግርጌ ረጅም ጎድጓዳ ሜዳ ተፈጥሯል፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ የተራራ ሰንሰለት ተጋርጧል። ወደ ባቲ የሚሄድ መንገደኛም መኪናው ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት ዳገት ሲወጣ ይህንኑ ሰንሰለት እየተሻገረ ነው። ውሃው ግን ዳገት ስለማይወጣ ጎድጓዳውን ተከትሎ ወደ ደቡብ፣ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ረግረግ ያመራል፤ ወደ አዋሽ የሚታጠፈው ከዚያ በኋላ ነው።

የወሎ ውሃ ሁሉ የዓባይ ገባር ነው ማለትም አይቻልም። ከኩታበር ከፍታዎች ማዶ የሚፈሰው ወደ በሽሎ ወንዝ፣ በእርሱም ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ወዲህ ያለው ቦርከና የአዋሽ ነው፣ አዋሽም አቤ ሐይቅ ገብቶ ስለሚቀር ባሕር አይደርስም።

ጨፋን ጥቅም የሌለው ረግረግ አድርጎ መግለጽ ደግሞ አካባቢውን በበጋ አለማየት ነው፤ ሌላው መሬት ሲደርቅ የአፋር አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚመጡት ወደዚያ ነው።

በመጨረሻም ገባሮቹን ከዋናው ወንዝ ጋር ማደባለቅ አለ። ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉት በተለይ «ለዮሌ» እና «ወርቃ» የተባሉት ገባሮች ናቸው፤ ደሴ ደግሞ የራሷን ቆሻሻ ከላይ ትልካለች። ስለዚህ የውሃ ናሙና የሚወስድ ተማሪ ገባሮቹ ከመቀላቀላቸው በፊትም በኋላም ካልቀዳ፣ በጠርሙሱ ላይ «ቦርከና» ብሎ ቢጽፍም ብክለቱ ከየትኛው እንደ መጣ ሊናገር አይችልም።