ኤሲው ይነፍሳል ግን አያቀዘቅዝም፦ ችግርና መፍትሄ፣ ከነዋስትናው ጣጣ

የምጽፈው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለውና ውጪ ሌላ ማሽን ስላለው የቤት ኤሲ ነው። ፊልተሩ ታጥቧል፣ ሪሞቱ ማቀዝቀዣው ላይ ነው፣ ብሬከሩም አልወረደም ብዬ ነው የምጀምረው። እነዚህን ያላየ ቀድሞ ይያቸው።

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። የውጪው ማሽን ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሞዴሉ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የጋዙ ዓይነትና መጠኑ እዚያ ላይ ነው ያለው። የግዢ ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱንም ፈልጋችሁ አውጡ። የዋስትናው ጊዜ ካላለፈ፣ ያገኛችሁትን ባለሙያ ጠርታችሁ ማሽኑን አታስከፍቱ። ብዙ ዋስትና የሚበላሸው ማሽኑን መጀመሪያ በነካካው ሰው ምክንያት ነው።

ምልክት፦ አየሩ ይወጣል፣ ቅዝቃዜ የለውም። ባለፈው ጋዝ ተሞልቶለት ትንሽ ከሠራ በኋላ እንደገና ተወ

ከሚያጋጥሙኝ ብልሽቶች ሁሉ የዚህን ያህል የሚደጋገም የለም። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

መጀመሪያ እናረጋግጥ። ኤሲው ሩብ ሰዓት ያህል ይሥራ። ከዚያ ከላይ የሚገባውንና ከታች የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ለኩ። ጤነኛ ማሽን ላይ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። 3 ወይም 4 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ችግር አለ። ቀጥሎ ውጪ ውጡና ሁለቱን የመዳብ ቱቦዎች እዩ። ቀጭኑ ቱቦ ቫልቩ አጠገብ በረዶ ይዞ፣ ወፍራሙ ደግሞ መቀዝቀዝ ሲገባው ምንም ካልቀዘቀዘ ጋዝ ጎድሏል ማለት ነው። የውስጡ ኮይል፣ ማለትም አየሩ የሚያልፍበት ባለ ክንፍ ቱቦ፣ በአንድ በኩል ብቻ ውርጭ ይዞ የቀረው ደረቅ ከሆነም ያው ነው። ኮይሉ ሙሉ በሙሉ በረዶ ከለበሰ ግን ከጋዙ በፊት የአየር ዝውውሩን ጠርጥሩ። የቆሸሸ ኮይል ወይም የደከመ ማራገቢያ ሊሆን ይችላል።

ወደ መንስኤው እንግባ። ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ይታመቃል፣ ፈሳሽ ይሆናል፣ ይተናል፣ ተመልሶ ይታመቃል። በትክክል የተገጠመ ኤሲ ምንም ሳይጨመርለት ዓመታት ይሠራል። "ኤሲ በየዓመቱ ጋዝ ይሞላል" የሚላችሁ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ኪሳችሁን ፈልጎ ነው። ጋዝ ከጎደለ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይገኝ ጋዝ መሙላት ገንዘብ አየር ላይ መበተን ነው።

ታዲያ ቀዳዳው የት ነው? በአብዛኛው ዳዶው ሥር። ገጣሚው ቱቦውን ይቆርጣል፣ አፉን ወደ ውጪ ያሰፋል፣ ይህን ፍሌር ይሉታል፣ ከዚያ በዳዶ ከቫልቩ ጋር ያጠብቀዋል። አንድ ኤሲ ላይ ቢያንስ 4 እንዲህ ያሉ መጋጠሚያዎች አሉ። ሁለቱ ውጪ፣ ሁለቱ ከውስጡ ማሽን ጀርባ። ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው፤ የሚቻኮሉበትም ይህ ነው። የቱቦው ጠርዝ ሳይፋቅ አፉ ይሰፋና ፍሌሩ ላይ ጭረት ይቀራል። ወይም ፍሌሩ አንድ ጎኑ ሰፊ፣ አንድ ጎኑ ጠባብ ይሆናል። ወይም ደግሞ ባለ በሌለ ጉልበት ይጠበቅና መዳቡ ይሳሳል። የውሃ ቧንቧ ይመስል ነጭ ቴፕ የጠመጠሙበትም አይቻለሁ። ፍሌር የሚያሽገው መዳቡ በናሱ ላይ ተጭኖ ነው፤ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠም ቴፕ ምንም አይሠራም።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ዳዶውን የሸፈነውን ጥቁር ስፖንጅ ገለጥ አድርጉት። ከሥሩ አቧራ የያዘ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ቅባት ካለ ቀዳዳው እዚያ ነው። ከጋዙ ጋር የኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚያምቀው ሞተር፣ ዘይት አብሮ ይዞራል። ጋዙ ሾልኮ ሲወጣ ይበተናል፣ ዘይቱ ግን እዚያው ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል። ከዚያ የሳሙና አረፋ ቀቡበትና ጠብቁ። ትልቅ ቀዳዳ ወዲያው ያፈላል። ትንሿ ግን ጊዜ ትፈልጋለች። ደቃቅ ነጭ አረፋ ቀስ በቀስ ዳዶው ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ታግሶ የማያይ ሰው "ምንም የለም" ብሎ ይሄዳል።

አንድ ቤት ሙቀቱ በመጣ ቁጥር ጋዝ ያስሞሉ ነበር። በየጊዜው የተለያየ ሰው ይመጣል፣ የግፊት መለኪያ ጌጅ ይሰካል፣ ይሞላል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ስፖንጁን የገለጠ አንድም ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ኮምፕረሰሩ ተቃጠለ። ኮምፕረሰር የሚቀዘቅዘው ተመልሶ በሚመጣው ጋዝ ነው። ጋዝ ጎድሎ ሲሠራ ይግላል፣ ዘይቱም በአግባቡ አይመለስለትም። ስጠራ ዳዶውን ፈትቼ አየሁት። ቀጭን፣ ርካሽ ዳዶ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ኮምፕረሰሩ ገና ዋስትና ነበረው። ሻጩ ግን "በውጪ ሰው ጋዝ ሲሞላበት ነበር፣ ቀዳዳውም አልተጠገነም" ብሎ መለሳቸው። እናትየው የጋዝ መሙያ ደረሰኞቹን በሙሉ አስቀምጠው ነበር። ይጠቅመኛል ብለው ያስቀመጡት ወረቀት መከልከያ ሆነባቸው። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። በአንዲት ዳዶ ምክንያት ሙሉ ማሽን ሄደ።

ሌላ ቤት ደግሞ ቱቦው አጥሮ ኖሮ ግድግዳው ውስጥ ቀጥለውት ላዩን ለስነውበታል። አራቱ መጋጠሚያዎች ደህና ናቸው፣ ጋዝ ግን ይጎድላል። ግድግዳው ተሰብሮ ነው የተገኘው። ቤት እየሠራችሁ ከሆነ፣ ቱቦው በግፊት ሳይፈተሽ ማንም ግድግዳውን እንዳይለስን።

አሁን ጥገናው። የቀረው ጋዝ ወደ ሲሊንደር ይሰበሰባል እንጂ አየር ላይ አይለቀቅም። የተበላሸው ፍሌር ይቆረጣል። አዲሱ ከመሠራቱ በፊት የቱቦው አፍ ወደ ታች ተይዞ ጠርዙ ይፋቃል፣ ፍርፋሪው ውስጥ እንዳይገባ። አዲስ፣ ወፍራም ዳዶ ይግባ። ማጥበቁ በግምት ሳይሆን የሚያጠብቀውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ በቶርክ ቁልፍ ነው። ለ1/4 ኢንች ቱቦ ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ ለ3/8 ከ34 እስከ 42፣ ለ1/2 ከ49 እስከ 61 አካባቢ ነው፤ ማንዋሉ ሌላ ካለ ማንዋሉን ስሙ።

ከዚያ ናይትሮጅን። ማንዋሉ እስከሚፈቅደው ግፊት ተሞልቶ ይቆያል፣ መጋጠሚያው ሁሉ በሳሙና ይታያል። እዚህ ላይ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ፦ በናይትሮጅን ፈንታ ኦክስጅን እንዳይገባ! ኦክስጅን ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል። የጎማ መንፊያ አየርም አይሆንም፤ እርጥበት አለው። አር32 የሚባለው ጋዝ ሊቀጣጠል ይችላል፣ አር290 ደግሞ ፕሮፔን ነው። ስለዚህ ጋዙ ሳይወጣና ቱቦው በናይትሮጅን ሳይጸዳ የብየዳ ችቦ የሚለኩስ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

ናይትሮጅኑ ከወጣ በኋላ ቫኪዩም፤ ማለትም ቱቦው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት በፓምፕ ይመጠጣል። በቫኪዩም ጌጅ ከ500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ ነው) በታች መውረድ አለበት፣ ፓምፑ ሲጠፋም እዚያው አካባቢ መቆየት አለበት። ይህን ዘልሎ "በጋዙ አየሩን እገፋዋለሁ" የሚል ገጣሚ እርጥበት ይተውላችኋል። አዲሶቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው ዘይት እርጥበት በጣም ይስባል፣ ከዚያ አሲድ ይፈጠርና ኮምፕረሰሩን ከውስጥ ይበላዋል። በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን ይሞላል፣ ማሽኑ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ። ቱቦው ከመደበኛው ከረዘመ ማንዋሉ በሜትር የሚጨመረውን ይናገራል። አር410ኤ የሚባለው ጋዝ የሁለት ጋዞች ድብልቅ ስለሆነ ከሲሊንደሩ በፈሳሽ መልኩ ነው የሚወሰደው። ሚዛን ያልያዘ ሰው ጋዝ አይሙላላችሁ።

ዋስትናው ላይ የምትቸገሩበት

አብዛኛው የአምራች ዋስትና የሚሸፍነው የፋብሪካ ጉድለትን ነው። ፍሌር የፋብሪካ ሥራ አይደለም፣ የገጣሚው ነው። ሻጩ "የገጠማ ችግር ነው" ይላል። ገጣሚው "ማሽኑ ነው" ይላል። እናንተ መሐል ላይ በሙቀት ትቀራላችሁ።

መውጫው ቀዳዳው የት እንደሆነ በጽሑፍ ማግኘት ነው። የመጣው ባለሙያ ወረቀቱ ላይ "ጋዝ ተሞላ" ብቻ ብሎ ከጻፈ አትፈርሙ። "ከዚህ መጋጠሚያ ጋዝ ይወጣል፣ በአረፋ ታይቷል" ተብሎ ይጻፍ፣ ፎቶና ቪዲዮም ይያዝ። ዳዶ ላይ ከሆነ የምትጠይቁት ገጣሚውን ነው። ኮይሉ ውስጥ ወይም የፋብሪካ ብየዳ ላይ ከሆነ አምራቹን ነው። ማስረጃ ከሌለ ሁለቱም እጃቸውን ይታጠባሉ።

"ኮምፕረሰር 10 ዓመት ዋስትና" የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ አይታችሁ አትረጋጉ። ብዙ ጊዜ ዕቃው ብቻ ነው። የእጅ ዋጋ፣ ጋዝና ማጓጓዣ በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ የቀረው የማሽኑ አካልም አጠር ያለ ጊዜ ነው የሚሰጠው። አንዳንዱ ከተገዛ በኋላ በተወሰነ ቀን ውስጥ መመዝገብ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ የጽዳት ደረሰኝ ይፈልጋል። ስትገዙ አንብቡት። ቅሬታችሁን በስልክ ብቻ አትንገሩ። ቀን ባለው ጽሑፍ ላኩ። ጊዜው ሊያልቅ ሲል የተነገረ ብልሽት ካለቀ በኋላ "አልሰማንም" ሊባል ይችላል።

ምልክት፦ የውጪው ማሽን ያጉረመርማል ግን አይነሳም

ኢንቨርተር ያልሆነ፣ ማለትም የኮምፕረሰሩን ፍጥነት የማይለዋውጥ ማሽን ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩን የሚያስነሳውን ካፓሲተር ለኩ። ላዩ ላይ 35 ማይክሮፋራድ ተጽፎ 25 ካነበበ ይቀየር። አናቱ ካበጠ መለካትም አያስፈልግም። ኮምፕረሰር ሞቷል ተብለው ሌላ ሊገዙ ሲሉ በካፓሲተር ብቻ የተነሱ ማሽኖች ብዙ ናቸው። "ኮምፕረሰር ነው" ያላችሁን ሰው ካፓሲተሩን ለክቶ እንደሆነ ጠይቁት። መብራት ተቋርጦም ካፓሲተር ይመታል፤ ሳይራገፍ እጅ አይነካውም።

ምልክት፦ የኢንቨርተሩ ቦርድ ተቃጠለ

መንስኤው ብዙ ጊዜ የመብራት ቮልቴጅ መዋዠቅ ነው፣ አንዳንዴ ቦርዱ ላይ የገባ ጉንዳን ወይም እንሽላሊት። ሁለቱንም አብዛኛው ዋስትና አይሸፍንም። የቮልቴጅ መከላከያ ግዙ፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ ይሁን። "ቮልቴጅ ነው" ተብሎ ከተከለከላችሁ ግን ዝም አትበሉ። የተቃጠለው ቦታ ፎቶ ይሰጣችሁ፣ በምን ማስረጃ እንደዚያ እንዳሉም ይጻፍላችሁ።

ምልክት፦ ጠዋት ይሠራል፣ ቀትር ላይ ይጠፋል

የውጪው ኮይል ቆሽሿል፣ ወይም ማሽኑ ዝግ ቦታ ተቀምጦ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። መብራቱን አጥፍታችሁ በቀላል ውሃ እጠቡት፤ በኃይለኛ ግፊት አይሆንም፣ ክንፎቹ ይተኛሉ። ፊት ለፊቱንም ክፍት አድርጉለት።

ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ የፍሳሽ ቱቦው ተዘግቷል ወይም ተዳፋት የለውም። በረዶ ቀልጦ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለሱ። የስህተት ኮድ ከታየ መብራት ከማጥፋታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ ትርጉሙ እንደ አምራቹ ይለያያል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፦ አራቱም መጋጠሚያ ደረቅ ነው፣ ጋዝ ግን ይጎድላል

የውስጡ ኮይል ላይ መዳቡን በዓይን የማይታይ ቀዳዳ የሚበሳ ዝገት አለ። ከቀለም፣ ከማጣበቂያና ከጽዳት ኬሚካል የሚወጡ አሲዶች ከእርጥበት ጋር ሆነው ያመጡታል። አረፋ ብዙ ጊዜ አያሳየውም፤ የኤሌክትሮኒክስ ጋዝ ጠቋሚ ያስፈልጋል። አንዱን ቀዳዳ ብትበይዱት ሌላው ይከፈታል፣ ስለዚህ ኮይሉ ይቀየራል። ኮይል የፋብሪካው ዕቃ ነው። የጠቋሚውን ውጤት በጽሑፍ ይዛችሁ፣ የዋስትናው ቀን ሳያልፍ ጠይቁ። ያበላሸው እናንተ የተጠቀማችሁት ኬሚካል ነው ሊሏችሁ ስለሚችሉ፣ ኮይሉን በምን ስታጸዱት እንደቆያችሁ የሚያሳይ ደረሰኝ ካለ አብራችሁ አቅርቡ።