ዘይት በግቢ ለምትቀይሩ

እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ብርዳማ ከተማ ጠዋት የሞተር ዘይት የምትቀይሩ ሰዎች፣ መጀመሪያ ሞተሩን ለ5 ደቂቃ ያህል አስነሱት። ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ቶሎ ይወርዳል፤ የጋለው ግን እጅ ይልጣል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ግን በፍጹም አትግቡ።

ለመቀበያ የ20 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ይበቃል። ክዳኑን አጥብቁ፣ በጎኑ አጋድሙትና ላይ የዋለውን ሰፊ ፊት በቢላዋ ቆርጣችሁ አንሡ። ዘይቱ ወርዶ ሲያልቅ ክዳኑን ከፍታችሁ በራሱ አፍ ወደ ሌላ ጀሪካን ትገለብጡታላችሁ። ከሥሩ ሰጋቱራ በትኑ፤ በባሕር ዛፍ አገር ሰጋቱራ አይጠፋም!

ግቢውን የሚያበላሸው ፊልትሮው ነው። በቁልፍ ካላላችሁት በኋላ ፌስታል አልብሱትና ከነፌስታሉ በእጅ ፍቱት፤ የሚንጠባጠበው እዚያው ይቀራል። የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር በጣት ዳስሱ። የአዲሱን ቀለበት ንጹሕ ዘይት ቀብታችሁ ፊልትሮውን በእጅ ብቻ አጥብቁ።

የተቃጠለውን ዘይት ለጋራዥ ስጡ እንጂ ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ የጎጃም ቦይ መጨረሻው ዓባይ ነው። አዲሱን ከሞላችሁ በኋላ ሞተሩን ጥቂት አስነሥታችሁ አጥፉና፣ ዘይቱ ሲሰክን በመለኪያው ልኩ።