ለንግዳችሁ ብሎግ ስትጽፉ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ለትናንሽ ንግዶች ብሎግ ስጽፍና የሌላውንም ሳርም ዓመታት አልፈዋል፣ ባለፈው ሳምንት ግን ትዕግስቴ አለቀ። ሦስት ሰዎች እይልን ብለው ጽሑፋቸውን ላኩልኝ፣ አንዱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይጠግናል፣ አንዱ የቤት ዕቃ ይሠራል፣ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሦስቱም የጀመሩት «ቴክኖሎጂ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተራቀቀ በመጣበት በዚህ ዘመን» ብለው ነው። ሦስቱም! ሥራቸውን ደግሞ አሳምረው ያውቁታል እኮ፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ስለዚህ ከመግቢያው ልጀምር። ያን ገጽ የሚከፍተው ሰውዬ ማነው? ማሽኑ ውሃ አላወጣ ብሎታል፣ ልብሱ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ነው፣ ወለሉ ረጥቧል፣ በአንድ እጁ መወልወያ በሌላው ስልክ ይዞ «ማሽኑ ውሃ አላወጣ አለ» ብሎ ጎግል ላይ ጽፎ ነው የመጣው። እና ለዚህ ሰው ስለ ቴክኖሎጂ መራቀቅ ሦስት አንቀጽ ታስነብቡታላችሁ? አያነበውም፣ ወጥቶ ሌላ ገጽ ይከፍታል። ሰው ዌብሳይት እንዴት እንደሚጠቀም የሚያጠናው ጃኮብ ኒልሰን በ1997 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ባወጣው ጥናት ከተፈተኑት ሰዎች 79 በመቶው አዲስ ገጽ ሲያገኙ በዓይናቸው ቃኘት አድርገው ነበር የሚያልፉት፣ ቃል በቃል ያነበቡት 16 በመቶ ብቻ ናቸው። ያኔ እኮ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተረጋግቶ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያነበው፣ እንደ ዛሬ ስልክ ይዞ ቆሞ አልነበረም።

ለጠጋኙ ደወልኩለት። «ደንበኛ ደውሎ ውሃ አላወጣም ሲልህ መጀመሪያ ምን ትላቸዋለህ?» አልኩት። ምንም ሳያስብ፣ «ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ከፊት በታች በኩል ትንሽ ክዳን አለች፣ ስሯ ዝርግ ዕቃ አድርገው ቀስ ብለው ይክፈቷት፣ ብዙ ጊዜ ፊልተሩ ውስጥ ሳንቲም ወይ የሸሚዝ ቁልፍ ይገኛል፣ ከሌለ ከኋላ ያለው የውሃ ማውጫ ጎማ ታጥፎ እንደሆነ ይዩልኝ እላለሁ» አለኝ። ይኸው፣ መግቢያው ይሄ ነው! በየቀኑ በስልክ የሚናገረውን ነው መጻፍ ያለበት፣ ግን ብዕር ሲያነሳ የሰው ድምፅ ትቶ የስብሰባ ንግግር ይጀምራል። ይሄን ስንቴ እንዳየሁት ልነግራችሁ አልችልም። አሁን ለሁሉም የምለው አንድ ነገር ነው፣ ጽሑፋችሁን ጨርሱና የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ከሁለተኛው አንብቡት፣ ምንም ካልጎደለው የመጀመሪያው ይጥፋ።

ርዕስም እንደዛው ነው፣ «ጠቃሚ ምክሮች» ማለት ምንም አለማለት ነው፣ «ማሽናችሁ ውሃ አላወጣ ካለ መጀመሪያ የምታዩት» በሉት።

ሁለተኛው፣ ስለራስ ብቻ ማውራት። የቤት ዕቃ ሠሪው የላከልኝ ጽሑፍ ላይ «ጥራት ያለው» የሚል ቃል ስድስት ጊዜ አለ፣ ስለ ጥራቱ ግን አንድም ነገር የለም። የራሱን ጠረጴዛ እያየን ሳወራው ግን ምን አለኝ መሰላችሁ፣ ጣውላ አየሩ ሲረጥብ በወርዱ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ የጠረጴዛውን ላይኛ ጣውላ ከእግሩ ጋር በብሎን ጠርቀም አድርጎ ያሰረ ሰው ወቅቱ ሲቀየር ጣውላው መሄጃ ያጣና ይሰነጠቃል፣ እሱ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ሞላላ አድርጎ ነው የሚበሳው። ጠረጴዛውን ገልብጦ ቀዳዳውን አሳየኝ። ይሄን ያነበበ ሰው ሌላ ሱቅ ሄዶ ጠረጴዛ ከስሩ ጎንበስ ብሎ ያያል እኮ! ያቺ ሞላላ ቀዳዳ ከስድስቱ «ጥራት» ትበልጣለች፣ እሱ ግን ሰው የሚፈልገው ነገር አልመሰለውም፣ በየቀኑ ስለሚሠራው ተራ ነገር ሆኖበታል።

«ሚስጥሬን ካወጣሁ ደንበኛው ራሱ ይሠራዋል» ብላችሁ የምትፈሩም አላችሁ። ራሱ ሊሠራ የፈለገ ሰው እናንተ ባትነግሩትም ከሌላ ቦታ ያገኘዋል። ሌላው ግን ሥራው ምን ያህል ልፋት እንዳለው ሲያነብ ለምን እንደሚከፍላችሁ ይገባዋል፣ ደግሞ የሚያምነው የነገረውን ሰው ነው።

ኪወርድ፣ ማለትም ሰው ጎግል ላይ ጽፎ የሚፈልግበትን ቃል፣ መደጋገም። ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ፣ ስጀምር ጎግል የሚወደው እሱን ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ደንበኛ የሚፈልገውን ሐረግ በየመስመሩ እሰነቅር ነበር፣ ጮክ ብሎ ለማንበብ የሚያሳፍር ጽሑፍ ነበር የማወጣው፣ ለዛም ሥራ ደግሞ ተከፍሎኛል፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ጎግል ከገጹ ጀርባ የሚጻፈውን የኪወርድ ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 በግልጽ ተናግሯል፣ በ2011 ደግሞ ፓንዳ የሚባለውን የፍለጋ ማሻሻያ ሲያወጣ ፍሬ የሌላቸውን ገጾች ወደ ታች አወረዳቸው። ቃሉን ርዕሱ ላይና ሲመጣ በመጣበት ቦታ ተጠቀሙት፣ በቃ። ሰዎች ምን ብለው ጽፈው እንደሚመጡ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጎግል ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጎግል መሣሪያ በነፃ ያሳያችኋል፣ ከዛ በፊት ግን ቴሌግራማችሁንና የተደወለላችሁን አስታውሱ፣ አንድ ጥያቄ ሦስት ሰው ከጠየቃችሁ አንድ ፖስት ነው ማለት ነው።

ቻትጂፒቲን «ስለ ቤት ዕቃ ብሎግ ጻፍልኝ» ብሎ የመጣውን እንዳለ መለጠፍም አሁን በዝቷል። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ፊደል ለማረም፣ የተዝረከረከ ሐሳብ ለማስተካከል። ግን እሱ ያን ጠረጴዛ ገልብጦ አላየም። ቻትጂፒቲ የወጣው በኅዳር 2022 ነው፣ በቀጣዩ ወር ጎግል የገጽ ጥራት የሚመዘንበት መመሪያው ላይ «ልምድ» የሚል መስፈርት ጨመረ፣ ማለትም ጸሐፊው ነገሩን በእጁ ሠርቶታል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ከእናንተ በቀር ማንም ሊጽፈው የማይችለው ነገር ደግሞ እሱ ነው።

ፎቶ የራሳችሁን አንሱ፣ በስልክም ቢሆን። ከኢንተርኔት የወሰዳችሁት የሚስቅ ሰውዬ ምንም አይነግርም፣ ባለቤትም አለው። ከመጫናችሁ በፊት ግን አሳንሱት፣ ከስልክ የወጣ ፎቶ እንዳለ ሲጫን ገጹ ይጎተታል፣ ጎግል የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው ይላል፣ ለአብዛኛው ፖስት ወርዱ 1200 ፒክስል ገደማ ከሆነ ይበቃል።

አሁን በጣም የጎዳኝን ልንገራችሁ። የአንድ ደንበኛዬን ዌብሳይት ሳድስ ሊንኮቹ አላማሩኝም፣ ረጃጅም ናቸው ብዬ በአንድ ምሽት ሁሉንም ቀየርኳቸው፣ አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ ግን አላደረግኩም። ሰው ከጎግል ሲመጣ የሚያየው «404 ገጹ የለም» የሚል ነበር። የሁለት ዓመት ጽሑፍ ነበር ያለው፣ ደንበኛዬ ምነው ስልኬ ዝም አለ ብላ ስትደውልልኝ ነው የገባኝ፣ ለወራት ስጠግን ከረምኩ፣ ስልኳ እንደ ድሮው ለመሆን ብዙ ቆየ። ሊንክ ያለ ምክንያት አትንኩ፣ መንካት ግድ ከሆነ 301 የሚባለውን ማስተላለፊያ ሳታስገቡ አትተኙ፣ ካላወቃችሁት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ጽሑፋችሁን ፌስቡክ ላይ ብቻ አስቀምጣችሁ ዌብሳይት ምን ያደርግልኛል የምትሉም፣ ጎግል ፕላስ የሚባለው እንደ ፌስቡክ ያለ የጎግል ገጽ በሚያዝያ 2019 ለተራ ተጠቃሚ ሲዘጋ ሰዎች እዛ ያስቀመጡት ነው የተሰረዘው። መጀመሪያ በራሳችሁ ገጽ ላይ አውጡት፣ ከዛ ሊንኩን የፈለጋችሁበት በትኑት።

በሳምንት ሦስት እጽፋለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ በወር አንድ ጥሩ ጽሑፍ ይበቃል።

ልብስ ሰፊዋ የተናገርኩትን ሰምታ እንደ አዲስ ጽፋ ላከችልኝ። የመጀመሪያው መስመር «ሱሪ ልታሳጥሩ ስትመጡ የምታደርጉትን ጫማ ይዛችሁ ኑ» ይላል፣ ቀጥሎ ለምን እንደሆነ፣ በዝርግ ጫማ ተለክቶ ተረከዝ ባለው ሲለበስ ሱሪው እንዴት ሽቅብ እንደሚሰቀል ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ አሳይታለች፣ እኔ ራሴ ሱሪዬን ልወስድላት አማረኝ። ወደ ታች ስወርድ ግን ስልክ ቁጥሯም ሆነ አድራሻዋ የለም። ደውዬ ነገርኳት፣ «ውይ፣ ሰው የሚያውቀኝ መስሎኝ እኮ ነው» አለችኝ። አሁን ከጽሑፉ ስር ቁጥሯ አለ፣ ከቁጥሩ በላይ ደግሞ «ጫማውን እንዳትረሱ» የሚል አንድ መስመር ጨምራበታለች።