በር አንኳኩቶ መጠይቅ ማስሞላት፦ የሳይኮሎጂ ማስተርስ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። መጠይቅ የያዙ የማስተርስ ተማሪዎች በራችንን ሲያንኳኩ የራሴ ጊዜ ይታወሰኛል። እኔም ለቴሲሴ ዳታ የሰበሰብኩት እዚሁ ሰፈር ነው። የሪሰርች ሜተድ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሼ ነበር። መስክ ስወጣ ግን ያልገባኝ ብዙ ነገር ነበር። ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ የምለውን ልንገራችሁ።

ቀን ቀን ብቻ ቤት ለቤት መዞር

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ይመስለኛል። እኔ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሬ 10 ሰዓት ላይ አቆም ነበር። እዚህ ሰፈር ግን ሥራ ያለው ሰው በጠዋት ወጥቶ ታክሲ ተሰልፏል። የሚገባው ሲመሽ ነው። በር የሚከፍቱልኝ አራሶች፣ ጡረተኞችና የቤት ሠራተኞች ነበሩ። እኔ ደግሞ «የነዋሪው ጭንቀት» ብዬ ጻፍኩ። የለካሁት ቀን ቤት የሚውለውን ሰው ጭንቀት ነበር።

ቤቶቹን በዕጣ ማውጣት ብቻውን አያድናችሁም። የተዘጋውን በር አልፋችሁ ጎረቤቱን ካንኳኳችሁ ዕጣው ፈረሰ ማለት ነው። ለአንድ ቤት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ አንዱን ማታ፣ አንዱን እሁድ። ያላገኛችሁትንም መዝግባችሁ በቴሲሱ ውስጥ ሪፖርት አድርጉ። የምትቀበሉትን የስም ዝርዝርም እዩት። የባለቤቶች ዝርዝር ከሆነ ተከራዩ የለበትም።

መጠይቁን ተርጉሞ ቀጥታ መበተን

ሲኢኤስ-ዲ የሚባለው የድብርት መለኪያ በ1977 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ 20 ጥያቄዎች አሉት። አንዱ ባለፈው ሳምንት የምግብ ፍላጎት ቀንሶ እንደሆነ ይጠይቃል። በሁዳዴ አንዲት እናትን ጠየቅኳቸው። «ጾም አይደል እንዴ ልጄ፣ ምን አምሮኝ እበላለሁ?» አሉኝ። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ምን ብዬ ልሙላው? የእሳቸው መልስ ስለ ጾም እንጂ ስለ ድብርት አልነበረም።

ሌላው ጥያቄ ደግሞ በእንግሊዝኛው የከፋውን ስሜት በሰማያዊ ቀለም ስም ይጠራዋል። ቃል በቃል ተርጉሙትና ማን ይገባዋል? የእኛ ሰው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ነው የሚለው። አማርኛውን በሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም ጥሩ ነው፤ የሚያጋልጠው ግን የትርጉም ስህተትን ነው፣ ሰሚው ምን እንደተረዳ አይነግራችሁም። ስለዚህ ከፓይለቱ (ከሙከራ ጥናቱ) በፊት ሰባት ስምንት ሰው ጋ ተቀመጡ። እያንዳንዱን ጥያቄ አንብባችሁ «ይሄን ሲሰሙ ምን መጣልዎት?» በሉ። ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው፤ ብዙ ወር ያተርፋችኋል።

አልፋው ሲያንስ ጥያቄ መሰረዝ

እዚያው መለኪያ ላይ አራት ጥያቄዎች የተገለበጡ ናቸው። «ደስተኛ ነበርኩ» ዓይነት ናቸው፤ ነጥባቸው መገልበጥ አለበት። ይሄ ከተረሳ ክሮንባክ አልፋው፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር፣ ይወርዳል። ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ደግሞ «እነዚህን ብታወጣ አልፋው ይጨምራል» የሚል ሠንጠረዥ ያሳያል። ተማሪው አምኖ ደህናዎቹን ጥያቄዎች ይሰርዛል። መጀመሪያ ነጥብ አሰጣጡን ፈትሹ። አልፋ 0.7 አለፈ ማለትም መለኪያው ድብርትን በትክክል ለካ ማለት አይደለም።

384ን ከሌላ ቴሲስ መገልበጥ

384 የናሙና ብዛት ሆኖ፣ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ ይጻፋል፤ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ይጨመርና 422 ይሆናል። ቁጥሩ የወጣበት ቀመር የተሠራው በአንድ ሕዝብ ውስጥ የአንድን ነገር ድርሻ ለመገመት ነው፤ ያውም ናሙናው ቀጥታ በዕጣ ሲወጣ። የእናንተ ጥያቄ የሁለት ነገሮች ዝምድና ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። የ0.3 ዝምድናን በ80 በመቶ ፓወር (ዝምድናው በእርግጥ ካለ የማየት ዕድል) ለማግኘት 85 ገደማ ሰው ይበቃል። ለ0.1 ግን ከ780 በላይ ያስፈልጋል። ብሎክ መርጣችሁ በብሎኩ ያሉትን በሙሉ የምትጠይቁ ከሆነም ቁጥሩ መጨመር አለበት፤ የአንድ ብሎክ ሰዎች ይመሳሰላሉና።

አንዴ ጠይቆ «ተጽዕኖ» ማለት

አንድ ቀን በተሞላ መጠይቅ «ዝምድና» እንጂ «ተጽዕኖ» አይባልም። ርዕሱን ከፕሮፖዛሉ ጀምራችሁ አስተካክሉት፤ ዲፌንስ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው።

ለ9ኛው ጥያቄ ሳይዘጋጁ መሄድ

ፒኤችኪው-9 የሚባለውን ባለ 9 ጥያቄ የድብርት መለኪያ የምትጠቀሙ ከሆነ የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መሞት ሐሳብና ራስን ስለመጉዳት ነው። አንዱ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ብሎ ቢመልስስ? አመስግኖ ወደሚቀጥለው በር መሄድ አይቻልም። ጥያቄው አማት ወይም የቡና ጎረቤት ባለበት ከተነበበ ደግሞ እውነቱን የሚነግራችሁ የለም፤ ለብቻ ጠይቁ። ከመውጣታችሁ በፊት ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ወደ የት እንደሚልኩ ጠይቁ። ስልኩን በወረቀት ጽፋችሁ በቦርሳችሁ ያዙ። ሰውዬው ፈቃደኛ ከሆነ እዚያው ተቀምጣችሁ ደውሉለት።