ሳሙራይዋን በትንሽ ብር ከፍ ሳደርግ የገጠመኝ

መኪናዬ ሱዙኪ ሳሙራይ ባሌስትራዎቿ (ሸክሟን የሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) አርጅተው ተኝተዋል። ክረምት ላይ ጭቃ መንገድ ከገባች ሆዷ መሬት ይልሳል። የተሟላ ማንሻ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ደግሞ ለኔ ኪስ የሚታሰብ አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ዞሬ ያገለገለ ባሌስትራ ገዛሁና በየጎማው አንድ አንድ ቅጠል አስጨመርኩ። የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ማንጠልጠያም በ4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አሠራሁ። በማንጠልጠያው የተነሳችው ግማሹን፣ 2 ሴንቲ ያህል ነው፤ ዝቅ የሚለው የባሌስትራው አንዱ ጫፍ ብቻ ነዋ!

አስፋልት ላይ ስወጣ ጉድ ፈላ። መሪው ይቅበዘበዛል፣ ከኩርባ በኋላ ራሱን አይመልስም። ጎማ ባላንስ አስደረግኩ፤ ወይ ፍንክች! ለካ ጥፋቱ የራሴ ነው። የሳሙራይ የፊት ማንጠልጠያ ያለው በባሌስትራው የፊት ጫፍ ነው። ሲረዝም የፊት ጎማዎቹን የሚይዘውን አክሰል ወደ ፊት ያዘነብለዋል፣ መሪውም የሚቅበዘበዘው በዚህ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ሆነ። በአክሰሉና በባሌስትራው መሃል ሽብልቅ ብረት አስገባሁ፣ አክሰሉን ወደ ኋላ እንዲመልሰው ወፍራሙ ጎን ወደ ፊት። መሪው ወዲያው ሰከነ።

የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ እንዳይወጠር እዩ። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶችም ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። አክሰሉ ላይ ያለው ዲፈረንሻል ግን ከመሬት ያለው ከፍታ እዚያው ነው፤ እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ነው።